ሕልም እንደ ፈቺው ነው፦ ፍሮይድ፣ «ጥቁሩ ሐምሌት» እና የዮቪል ጎረቤት

«ሕልም እንደ ፈቺው ነው» ይላሉ ወላጆቻችን። ክፉ ሕልም ያየ ሰው ለማንም ከመናገር እንዲቆጠብ፣ ከተናገረም መልካም ለሚፈታለት ሰው እንዲናገር የሚመከረው ለዚህ ነው። አባባሉ ቀላል ቢመስልም፣ ሳይኮአናሊሲስ የተባለው የሥነ ልቦና ትምህርት የተነሣበትን ትልቅ ጥያቄ በውስጡ ይዟል። ሕልም ትርጉም አለው ወይ? ካለውስ ትርጉሙን የሚያውቀው ማን ነው፣ ያለመው ወይስ የሚፈታው?

ጥያቄው የቪየናና የዙሪክ ሊቃውንት ብቻ አልነበረም። በ1930ዎቹ ከዮቪል ኮረብታ ቁልቁል በእግር በሚደረስበት በዶርንፎንቴን ሰፈር አንድ የፍሮይድ ተከታይ ሐኪም የአንድ አፍሪካዊ ስደተኛን ሕልምና የሕይወት ታሪክ ለሁለት ዓመት ተኩል ያህል አዳምጦ መጽሐፍ ጽፏል። በዚህ ጽሑፍ መጀመሪያ ፍሮይድና ባልደረቦቹ ስለ ሕልምና ስለ አፈ ታሪክ ምን እንዳሉ እናያለን፤ ቀጥሎም ሐሳባቸው እዚህ ጆሃንስበርግ ሲደርስ ምን እንደገጠመው እንመለከታለን። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሰሙ ሕልም፣ ወርቁ ምኞት

እኛ ያደግንበት የሕልም ግንዛቤ ወደ ፊት የሚያይ ነው። ዮሴፍ የፈርዖንን ሰባት የሰቡና ሰባት የከሱ ላሞች ሲፈታ የተናገረው ገና ስለሚመጣው ጥጋብና ረሃብ ነው። በክብረ ነገሥትም ንጉሥ ሰሎሞን በእስራኤል ላይ ያበራ የነበረ ፀሐይ ወደ ኢትዮጵያ ሲሄድ በሕልሙ ያያል፤ ሕልሙ ክብሩ ወዴት እንደሚሻገር አስቀድሞ ይነግረዋል። በእነዚህ ታሪኮች ሕልም ከውጭ፣ ከላይ የሚመጣ መልእክት ነው።

ሲግመንድ ፍሮይድ «የሕልም ፍቺ» የተባለውን መጽሐፉን ያወጣው በኅዳር 1899 ነው፤ አሳታሚው ግን 1900 ብሎ አተመው። ፍሮይድ የሕልምን አቅጣጫ ገለበጠው። ሕልም የሚመጣው ከውስጥ ነው፤ የሚናገረውም ስላለፈው ነው አለ። ቀን በንቃት የማናስበው፣ አፍረንበት ወይም ፈርተነው ያፈንነው ምኞት አይጠፋም። ፍሮይድ ድብቁ አእምሮ ባለው ስፍራ ይቀመጥና ሌሊት ጥበቃው ሲላላ መልኩን ቀይሮ ይወጣል።

መልኩን የሚቀይርበትን መንገድ ለመረዳት አማርኛ ተናጋሪ ብዙ አይቸገርም፤ ሰምና ወርቅ አለና። ስንነቃ የምናስታውሰው ሕልም ሰሙ ነው፤ ከሥሩ ያለው ሐሳብ ደግሞ ወርቁ። ፍሮይድ ወርቁ ወደ ሰም የሚለወጥባቸውን መንገዶች ለይቶ ዘርዝሯል። አንዱ ማጨቅ ነው፦ ብዙ ሰዎችና ሐሳቦች በአንድ ምስል ውስጥ ይጠቃለላሉ፤ በሕልም ያየናት ሴት መልኳ የእኅታችን፣ ድምፅዋ የመምህራችን ልትሆን ትችላለች። ሌላው ማዛወር ነው፦ የሚያስጨንቀን ነገር ወደ ጥግ ይገፋና ተራ የሚመስል ዕቃ መሐሉን ይይዛል። በዚያ ላይ ድብቁ አእምሮ የቀኑን ተራ ትዝታ እንደ ጭቃ ወስዶ ይሠራበታል።

ሰምና ወርቁ ከቅኔ የሚለየው በአንድ ነገር ነው። ባለቅኔው ወርቁን ያውቀዋል፤ ሕልም ያየው ሰው ግን ወርቁን የደበቀው ራሱ ሆኖ ሳለ አያውቀውም። ስለዚህ ፍሮይድ እንደ ሕልም መፍቻ መጻሕፍት «ጥርስ ከወለቀ ዘመድ ይሞታል» በሚል ዝርዝር ብቻ መሥራት አይቻልም አለ። ያለመው ሰው ስለ እያንዳንዱ የሕልሙ ቁራጭ ወደ አእምሮው የመጣለትን ሁሉ፣ ሳያፍርና ሳይመርጥ እንዲናገር ያደርጋል፤ ወርቁ የሚፈለገው በዚያ ውስጥ ነው።

በዚህ ዘዴ በመጀመሪያ በዝርዝር የፈታው የራሱን ሕልም ነው። በሐምሌ 1895 ከቪየና ወጣ ብሎ ባለ ቤልቪዩ በተባለ ቤት ሳለ፣ ኢርማ ብሎ የጠራት ታካሚው ከሕመሟ እንዳልዳነች አለመ። በሕልሙ ሐኪሞች ይመረምሯታል፤ በመጨረሻም ጥፋቱ አንድ ጓደኛው በንጹሕ ባልሆነ መርፌ በሰጣት መድኃኒት ላይ ይወድቃል። ፍሮይድ ሕልሙን ሲፈታ ያገኘው ምኞት ቀላል ነበር፦ «ለሕመሟ ተጠያቂው እኔ ባልሆን።» የዮቪል አንባቢ በስሙ ሳይገረም አይቀርም፤ ከዮቪል ቀጥሎ ያለው ሰፈራችንም ቤልቪዩ ነውና።

ከፍሮይድ ምሳሌዎች አንዱ ደግሞ ከኅብረ ቃል የተሠራ ነው። ታላቁ እስክንድር ጢሮስን በ332 ዓመተ ዓለም ከብቦ ከተማዋ አልሰበር ስትለው፣ ሳቲር የተባለ የግሪክ ተረት ፍጡር በጋሻው ላይ ሲጨፍር አለመ። ሕልም ፈቺው ቃሉን ለሁለት ከፈለው፤ በግሪክኛ «ሳ ቲሮስ» ማለት «ጢሮስ ያንተ ናት» ነው። ይህን ምሳሌ ልብ እንበል። ያ ሕልም በግሪክኛ ካልሆነ በቀር አይፈታም፤ በሌላ ቋንቋ ቢነገር ሳቲሩ ሳቲር ብቻ ሆኖ ይቀራል።

አፈ ታሪክ እንደ ሕዝብ ሕልም

የፍሮይድ ባልደረቦች ብዙ ሳይቆዩ ከግለሰብ ሕልም ወደ ሕዝብ ተረት ተሻገሩ። ካርል አብርሃም በ1909 «ሕልምና አፈ ታሪክ» በተባለ ሥራው አፈ ታሪክ ከሕዝብ የልጅነት ዘመን የተረፈ የሐሳብ ቁራጭ ነው አለ። በዚያው ዓመት ኦቶ ራንክ የጀግኖችን የልደት ታሪክ ሰብስቦ አነጻጸረ፦ ሙሴ፣ የአካዱ ሳርጎን፣ የሮሙ ሮሙለስ፣ የሕንዱ ካርና፣ ኤዲፐስ። በአብዛኞቹ ውስጥ አንድ ንድፍ ይደጋገማል። ሕፃኑ ከከበረ ቤት ይወለዳል፤ ልደቱን ምልክት ወይም ትንቢት ይቀድመዋል፤ ሥልጣን ያለው ሰው ይፈራዋል፣ ሊያጠፋውም ይፈልጋል፤ እንስሳ ወይም ድኻ ሰው ያድነዋል፤ አድጎም ክብሩን ይቀበላል።

ከራንክ ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያዊ የለም። ነገር ግን የቅዱስ ላሊበላን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ንድፉን ወዲያው ይለየዋል፦ ሲወለድ ንቦች ይከቡታል፤ እናቱ ንቦቹ ንግሥናውን አወቁለት ትላለች፤ የነገሠው ወንድሙ ይቀናበታል፤ መርዝ ይሰጠዋል፤ እርሱ ግን ድኖ በመጨረሻ ይነግሣል። ይህን መመሳሰል ማየት ገድሉን ማራከስ አይደለም። ራንክ የጠየቀው ታሪኩ ተፈጽሟል ወይስ አልተፈጸመም ብሎ ሳይሆን፣ ሰዎች በተለያየ አገር ለምን ይህን ቅርጽ ይወዱታል ብሎ ነው። የሰጠው መልስ በቤተሰብ ውስጥ ነው፦ ልጅ ሁሉ ወላጆቹን ያከብራል፣ ይቀናባቸዋልም፤ አንድ ቀን ከእነርሱ በላይ መሆንንም ይመኛል።

ፍሮይድ ራሱ ከሁሉ አብልጦ የያዘው የኤዲፐስን ታሪክ ነው። ኤዲፐስ ሳያውቅ አባቱን ገደለ፣ እናቱን አገባ። ፍሮይድ ይህ በወንድ ልጅ ሁሉ ልብ ውስጥ ያለ የተቀበረ ምኞት ነው አለ፤ ሐምሌትንም ከጎኑ አስቀመጠ። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ በመለሰው በዚያ የሼክስፒር ተውኔት፣ ልዑሉ አባቱን የገደለውንና እናቱን ያገባውን አጎቱን መበቀል ሲገባው ያመነታል። ለምን? ፍሮይድ እንደሚለው አጎትየው የፈጸመው ሐምሌት በልጅነቱ በድብቅ የተመኘውን ነው፤ ራሱን የሚመስልን ሰው እንዴት ይቅጣ?

ካርል ዩንግ ከፍሮይድ ጋር የተለያየው በ1913 ገደማ ነው። ለእርሱ አፈ ታሪክ የታፈነ የቤተሰብ ምኞት ብቻ አይደለም፤ የሰው ልጅ ሁሉ የሚጋራው ጥልቅ የአእምሮ ክፍል ቋንቋ ነው። ይህን ለማየት በ1925 ወደ ምሥራቅ አፍሪካ መጥቶ በኤልጎን ተራራ አካባቢ ሽማግሌዎችን ስለ ሕልማቸው ጠየቀ። አንድ ባህላዊ ሐኪም የመለሰለት አሳዛኝ ነው፦ ድሮ ስለ ጦርነት፣ ስለ በሽታና ስለ ዝናብ በሕልም ይነገረን ነበር፤ እንግሊዞች ከመጡ ወዲህ ግን ሁሉን የሚያውቀው የአውራጃው ገዢ ስለሆነ ሕልም አያስፈልግም። ዩንግ የሰው ልጅ የጋራ ምስል ሊፈልግ ሄዶ ያገኘው የአገር አስተዳዳሪን ነው።

ከኮረብታው ቁልቁል

ዮቪል በ1890፣ ወርቅ ከተገኘ ከአራት ዓመት በኋላ የተመሠረተ ሰፈር ነው። ዛሬ በሮኪና በራሌይ ጎዳና ላይ አማርኛ፣ ሊንጋላ፣ ሾናና ኢግቦ እንሰማለን፤ በዚያን ዘመን ግን ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡ አይሁድ ሰፈር ነበር። ብዙዎቹ መጀመሪያ ያረፉት ቆላ ብለን ልንጠራው በምንችለው በዶርንፎንቴን ነበር፤ ኑሮ ሲሻላቸው ወደ ኮረብታው ወጡ። ከሥር የቀረው ዶርንፎንቴን ሥራ ፍለጋ የመጡ ጥቁሮች ተጨናንቀው የሚኖሩባቸው ግቢዎች ነበሩበት። ሩያርድ፣ «ቀይ ግቢ» ማለት ነው፣ አንዱ ነው። ሴቶቹ ጠላ መሰል መጠጥ እየጠመቁ ይሸጣሉ፤ ፖሊስ ደግሞ በየጊዜው ገብቶ ይደፋል፣ ያስራል። ኤለን ሄልማን የምትባል አንትሮፖሎጂስት በ1933 እና በ1934 እዚህ ግቢ ጥናት ታደርግ ነበር።

ቩልፍ ሳክስ የተባለውን ሐኪም ወደ ግቢው ያመጣችው እርሷ ነች። ሳክስ በሩሲያ ግዛት በ1893 የተወለደ አይሁዳዊ ነው። ወደ ደቡብ አፍሪካ በ1922 ተሰደደ፤ በፕሪቶሪያ የአእምሮ ሆስፒታል ሠራ፤ በበርሊን ከፍሮይድ ደቀ መዝሙር ከቴዎዶር ራይክ ዘንድ ሳይኮአናሊሲስ ተማረ። በ1934 ላወጣው የመግቢያ መጽሐፍ መቅድሙን የጻፈለት ፍሮይድ ራሱ ነው። በሆስፒታል ሥራው የጥቁርና የነጭ ሕሙማን የአእምሮ ሕመም በመሠረቱ አንድ እንደሆነ አይቶ ነበር። ቀጥሎ ያነሣው ጥያቄ የጤነኛ ሰውስ አእምሮ የሚል ነበር።

በሩያርድ ያገኘው ሰው በመጽሐፉ ጆን ቻቫፋምቢራ ይባላል፤ ስሙ የተለወጠ ነው። ጆን ከደቡብ ሮዴዢያ፣ ከዛሬዋ ዚምባብዌ፣ ከማኒካ አገር የመጣ ስደተኛ ነው። አባቱ ንጋንጋ፣ ማለትም ባህላዊ ሐኪምና ጠንቋይ ነበር፤ እርሱም ሙያውን ወርሷል። በአገሩ እምነት የሞቱ አባቶች ለልጆቻቸው በሕልም ይናገራሉ። እንግዲህ በዚያ ክፍል ውስጥ ፊት ለፊት የተቀመጡት ሐኪምና በሽተኛ አልነበሩም፤ ጆን አልታመመም። ሁለት ሕልም ፈቺዎች ነበሩ። ልዩነቱ አንዱ መጽሐፉን ጻፈ፤ ሌላው ተጻፈበት።

አጎቱ ወንጀለኛ ነው ወይስ ወራሽ?

የጆን አባት እርሱ ልጅ ሳለ ሞተ፤ አጎቱም እናቱን አገባ። ሳክስ ይህን ሲሰማ ሐምሌትን አየ። ጆን ወደ አገሩ ልመለስ ወይስ ልቅር፣ ይህን ላድርግ ወይስ ልተው እያለ ማመንታቱም ሥዕሉን የሞላለት መሰለው። በ1937 የወጣውን መጽሐፍ «ጥቁር ሐምሌት» አለው።

የሳክስን ድፍረት አቅልለን ማየት የለብንም። በዚያ ዘመን ብዙ ነጮች አፍሪካዊ «ሌላ ዓይነት አእምሮ» አለው ሲሉ፣ እርሱ ይህ ሰው እንደ ዴንማርኩ ልዑል ጥልቅ ነው፤ ሕልሙም እንደ ቪየና ሰው ሕልም በጥንቃቄ ሊደመጥ ይገባዋል አለ። ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ድብቅ አእምሮ አለው ማለት በዘረኝነት አገር ውስጥ ተራ ንግግር አይደለም።

ነገር ግን ከሆሳዕና ወይም ከዱራሜ የመጣ የማኅበራችን አባል ይህን ቢያነብ ወዲያው የሚጠይቀው ጥያቄ አለ። የሟችን ሚስት ወንድሙ ማግባቱ ምኑ ነው ወንጀል? በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 25 የታዘዘ፣ በደቡብ ኢትዮጵያም በብዙ አካባቢ ይታወቅ የነበረ ውርስ ነው። በጆን አገርም እንዲሁ ልማድ ነበር። በሼክስፒር ተውኔት አጎትየው ሥርዓትን የሰበረ ነው፤ በማኒካ ግን ሥርዓትን የፈጸመ ነው። ያ ማለት ጆን አጎቱን አልተቀየመም ማለት አይደለም፤ ልጅ በወጉ በተፈጸመ ነገርም ሊቆስል ይችላል። ግን ቁስሉ ሐምሌት የቆሰለው ቁስል ነው ለማለት መጀመሪያ ውርስ ለእርሱ ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል።

ቋንቋም አለ። ሳክስ ሾና አያውቅም፤ የተነጋገሩት በእንግሊዝኛ ነው። የእስክንድርን ሳቲር እናስታውስ፦ ሕልም በቃል ጨዋታ የሚሠራ ከሆነ፣ በሁለተኛ ቋንቋ የተነገረ ሕልም ምን ያህሉ ወርቅ ይተርፈዋል?

ከሁሉ የሚከብደው ግን ማመንታቱ ነው። የጆሃንስበርግ ጥቁር ሠራተኛ ያለ የይለፍ ወረቀት መንገድ ላይ ቢገኝ ይታሰራል። ሩያርድም በ1934 እንዲለቀቅ ተደርጎ ነዋሪው ተበተነ። ቤቱ የሚፈርስበት፣ ወረቀቱ የሚጠየቅበት፣ ሥራው በሌላ ሰው ፈቃድ የሚያድር ሰው ቢያመነታ ምክንያቱን በልጅነቱ ብቻ መፈለግ ይበቃል? ሳክስን የሚያስመሰግነው ጥያቄውን አለመሸሹ ነው። መጽሐፉ እየገፋ ሲሄድ የጆን ችግር ከአጎቱ ወደ ሕጉ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ ይሰፋል። በ1947 አሻሽሎ ሲያወጣውም ርእሱን «ጥቁር ቁጣ» አለው። ማመንታት የነበረው ቁጣ ተባለ፤ የፈቺው ዓይን ስለተለወጠ ሰውየው ሌላ ሆነ። «ሕልም እንደ ፈቺው ነው» ማለት እንዲህ ነው። ሳክስ በ1949 አረፈ፤ የመጀመሪያው መጽሐፍ በ1996 በዊትስ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ጭምር እንደገና ታትሟል።

ጠመንጃው ጠመንጃ ሲሆን

ክርክሩ በሌላ የአፍሪካ አገር በግልጽ ፈነዳ። ፈረንሳዊው ኦክታቭ ማኖኒ በ1950 ባወጣው መጽሐፍ የማዳጋስካር ልጆችን ሕልም ፈታ። ልጆቹ የሚያዩት ጥቁር በሬ ሲያባርራቸው፣ ጠመንጃ የያዘ ጥቁር ወታደር ሲያሳድዳቸው ነው። ማኖኒ በበሬውና በጠመንጃው የአባትንና የወንድነትን ምልክት አየ። የማርቲኒኩ ተወላጅ ሐኪም ፍራንትዝ ፋኖን በ1952 መልስ ሰጠው፦ በ1947 በማዳጋስካር ዐመፅ ተነሥቶ በደም ታፍኗል፤ የፈረንሳይ ጦር ሴኔጋላውያን ወታደሮችን አሰልፎ ነበር። ስለዚህ በሕልሙ ያለው ጠመንጃ እውነተኛ ጠመንጃ ነው።

ፋኖን ድብቅ አእምሮ የለም አላለም። ያለው፣ ፈቺው ወደ ወርቁ ከመቸኮሉ በፊት ሰሙን ይመልከት ነው። አንዳንዴ ሰሙ ራሱ ወርቅ ነው።

ለእኛስ?

በዚህ ከተማ የሱቅ ዘረፋ ያላየ፣ ወይም ያየ ዘመድ የሌለው ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው። በግንቦት 2008 በውጭ ተወላጆች ላይ በተነሣው ጥቃት 62 ሰዎች ሞተዋል፤ በ2015ም ተደግሟል። ጓደኛችን ሌሊት የሚያባንነው ሰዎች በር ሲሰብሩ፣ ወይም ወረቀት ሲጠየቅ የሚያይበት ቅዠት ከሆነ፣ የተደበቀ የልጅነት ምኞት ከመፈለጋችን በፊት ምን እንደደረሰበት እንጠይቀው። ከአደጋ በኋላ ተደጋግሞ የሚመጣ ቅዠት ሐኪሞች የሚያውቁት የጉዳት ምልክት ነው፤ ሕክምናም አለው።

ሁሉም የሌሊት ጭንቀት ሕልም አለመሆኑንም እናስታውስ። አገር ቤት «ዱካክ» የምንለው፣ ነቅተን ሳለ መንቀሳቀስ የሚያቅተንና ደረታችንን የሚጫነን ነገር፣ በፍሮይድ ዘመን ባልታወቀ መንገድ ይብራራል። ዓይን በፍጥነት የሚንቀሳቀስበትና አብዛኛው ሕልም የሚታይበት የእንቅልፍ ደረጃ የተገለጸው በ1953 በቺካጎ ነው። በዚያ ደረጃ ጡንቻ ይላላል፤ አእምሮ ቀድሞ ሲነቃ ሰውነት ገና አልተፈታም። እንቅልፍ ማጣትና ጭንቀት ያብሱታል።

ከቀደሙት የሳይኮአናሊሲስ ሊቃውንት ብዙው ዝርዝር ዛሬ አይያዝም። የኤዲፐስ ምኞት በሰው ሁሉ ልብ አለ የሚለው አልተረጋገጠም፤ ሕልም ሁሉ የታፈነ ምኞት ነው የሚለውም እንዲሁ። የቀረልን ግን ትልቅ ነገር ነው፦ ራሳችንን ሙሉ በሙሉ እንደማናውቅ፣ ያፈንነው ነገር መውጫ እንደሚፈልግ፣ እና አንድ ሰው ሳይፈርድና ሳይቸኩል ሲያዳምጠን ብዙ ነገር እንደሚቀለን። ጸበል የሚሄድም ሆነ የንስሐ አባቱን የሚያማክር ጓደኛችን የኮሌጁን የምክር አገልግሎት ቢጨምርበት ከአንዱ አንዱን አያጣም። አማካሪው እንግሊዝኛ ብቻ የሚናገር ከሆነ ሕልሙን መጀመሪያ በአማርኛ፣ በሀዲይኛ ወይም በከምባትኛ ጽፎ፣ ያልተተረጎመለትን ቃል እንዳለ ይዞ ይሂድ፤ «ይህ ቃል በእኛ ዘንድ እንዲህ ማለት ነው» ብሎ ማስረዳት የፍቺው አካል ነው።

አባቶች «ሕልም ተፈርቶ ሳይተኛ አይታደርም» ይላሉ። ሕልም ተፈርቶ ዝም ማለትም አያስፈልግም። ለሚሰማን ሰው እንናገር፤ እኛም ሲነገረን ከመፍታታችን በፊት እንስማ።